የጠይባ እርግቦችና የሚፍታህ ፈረስ

ጠይባ አንድ ነገር አምርራ ትጠላለች፤ «ተረት ነው» መባልን። ሰው ስለ እሷ የፈለገውን ይበል። ተቆጪ ናት ይበል፣ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ስትነዳ ልጆቹን እንደ ወታደር ነው የምታሰልፋቸው ብሎ ይማት፣ ትስቃለች። አባቷ ያወሩላትን ታሪክ ተረት ነው ያለ ሰው ግን በቃ፣ አለቀለት! ታላቅ ወንድሟ ሚፍታህ ደግሞ ይህን አሳምሮ ስለሚያውቅ ሆን ብሎ በየሳምንቱ ይላታል።

ነገሩ የሚጀምረው ደሴ ነው። አባታቸው ሼኽ እንድሪስ ቀን ቁርኣን ሲያስቀሩ ይውሉና ከመግሪብ በኋላ ልጆቻቸውን ሰብስበው፣ ከዐረብኛ ኪታብ ያነበቡትን በወሎ አማርኛ እያጣፈጡ ያወሩላቸዋል። ከሁሉ የሚወዱት የግብፅና የሻምን ሱልጣኔት ወሬ ነበር። ታታሮቹ፣ ሞንጎሎችን እንዲያ ነበር የሚሏቸው፣ ባግዳድን አፍርሰው ኸሊፋውን ገድለው ወደ ምዕራብ ሲጎርፉ ማን አቆማቸው? የማምሉኮቹ ሱልጣኔት! «አንድ ቀን ገጥሞ ማሸነፍማ ምን አለው» ይሉ ነበር ሼኹ። «ጣጣው ከዚያ በኋላ ነው። ጠላት ከኤፍራጥስ ማዶ ተቀምጧል። ባሰኘው ወራት ፈረሱን ጭኖ እየተሻገረ ይዘርፋል። ሱልጣኑ ያለው ካይሮ፣ ያንን ሁሉ በረሃ አልፎ ነው። እስቲ ንገሩኝ፣ እናንተ ብትሆኑ ድንበሩን በምን ትጠብቁታላችሁ?»

ሼኹ መልሱን ራሳቸው ይቀጥላሉ። ሱልጣኔቱ በወንዙ ዳር ምሽጎቹን አጠናከረ። ታታር ያለ ፈረስ፣ ፈረስም ያለ ሣር አይሄድምና፣ ጠላት የሚመጣበትን ሜዳ ሣሩን አስቀድሞ አቃጠለበት። በየኮረብታው ዘብ አቁሞ ማታ በእሳት፣ ቀን በጭስ ወሬ አቀባበለ። በየመንገዱ የመልእክተኛ ፈረስ እንዲጠብቅ አደረገ፤ አንዱ ሲደክም ሌላው ይጫናል። በየማማው ደግሞ እርግቦች አስቀመጠ። አንዱ መልእክት ሁለት ጊዜ ይጻፍና በሁለት እርግብ ይላካል፤ አንዷን ጭልፊት ቢበላት ሌላዋ እንድትደርስ። እርግቧ ስትገባ ሱልጣኑ ማዕድ ላይ ቢሆን ይነሣል፤ ተኝቶ ከሆነም ይቀሰቀሳል። መልእክቱን በገዛ እጁ ይፈታዋል እንጂ ለማንም አይተውም።

እንግዲህ የወንድምና የእኅት ጠብ እዚህ ላይ ነው። ሚፍታህ «ድንበሩን ያዳነው ፈረሱ ነው፤ እርግብ እኮ ጥሬ ስታይ ታታርን ትረሳዋለች» ይላል። ጠይባ «ፈረስህ መንገድ ላይ እያለከለከ እርግቧ ደርሳ ሠራዊቱ ጉዞ ጀምሯል!» ትላለች። ይጯጯሃሉ፣ ይቧጨራሉ። ሼኹ እየሳቁ አንድም ቀን ሳይፈርዱላቸው አረፉ።

ከዚያ በኋላ የመጣው ብዙ ነው። ወንድምና እኅት ሱዳን ገቡ፣ ካርቱም ሰው ቤት ሠሩ፣ ቶሮንቶ መጡ። ፍሌሚንግደን ፓርክ ካለው ረጅም ሕንፃ ላይ አንዲት አፓርትመንት ለሁለት ተካፍለው ኖሩ። ጠይባ ማታ ማታ ቢሮ እየጠረገች ልጇን ዙሌካን ብቻዋን አሳደገች፤ ባልየው ዙሌካ ሳትራመድ ነው የሄደው፣ ስሙንም ማንሣት አያስፈልግም። በኋላ ጠይባ የአውቶቡስ መንጃ ፈቃድ አወጣች፣ ሚፍታህ የትልቅ ትራክ። ተጋግዘው ስካርቦሮ ውስጥ ጓሮ ያለው ቤት በሁለቱም ስም ገዙ። ላይኛው የጠይባና የዙሌካ፣ ቤዝመንቱ የሚፍታህ ሆነ።

እርግቦቹን ያመጣባት ሊዮ የሚባል የማልታ ሰው ነው። የልጅ ልጆቹን በአውቶቡሷ ታደርስለታለች። አንድ ቀን እርግብ በእጁ ይዞ በሩ ላይ ቢቆም፣ ጠይባ አውቶቡሱን አቁማ ልጆቹ እስኪጮኹባት ድረስ አፍጥጣ ቀረች። ሊዮ ገባውና በፀደይ ሁለት ጥንድ ጫጩት ሰጣት። እሷም ጓሮዋ ውስጥ የእርግብ ቤት አቆመች። መጀመሪያ ሰፈር ውስጥ፣ ከዚያ ፒክሪንግ፣ ከዚያ ኮበርግ ድረስ በመኪና እየወሰደች ትለቃቸዋለች፤ እነሱ ቀድመዋት ይገባሉ። ሰው አበደች አለ። እሷ ግን ያን ጊዜ ለሥራ ባልደረባዋ ለሰሎሜ ያለቻትን እንስማ፦ «ሰሎሜ፣ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ያስፈለገኝን ነው ስሠራ የኖርኩት። ስለምወደው ብቻ የያዝኩት ነገር ይኸው የመጀመሪያዬ ነው።» ሰሎሜም እንባ የሚቀናት ሴት ናትና አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ቆማ አለቀሰች።

ታዲያ ባለፈው ዓመት ሚፍታህ አንድ ሐሳብ ይዞ መጣ። ጓሮው ውስጥ ጋርደን ስዊት የሚሉትን፣ ትንሽ ኪራይ ቤት፣ እናሠራ አለ። ጠይባ እሺም እምቢም ሳትል ክረምቱ አለፈ፤ ዝምታዋን እንደ እሺታ ቆጠረውና ኮንትራክተር አነጋገረ። ኮንትራክተሩ ሊለካ መጥቶ ቢያይ፣ ቤቱ የሚያርፈው በትክክል የእርግቦቹ ቤት ላይ ነው። ሰኞ መጥተን እናፈርሳለን ተባለ።

«ወላሂ አይፈርስም!» አለች ጠይባ።

«ጠይባ፣ ዕድሜያችን እየሄደ ነው። እስከ መቼ ትራክ እነዳለሁ? ወገቤ እኮ ለቋል። ለወፍ ብለን ነው ቤት የማንሠራው?»

ደግ ሰው ነው ሚፍታህ፤ የወገቡም ነገር እውነት ነው። ጠይባም ይህን ስለምታውቅ አልተቆጣችውም። ወዲያው ግን ያችን መናገር የማይገባውን ቃል ጨመረባት።

«ደግሞስ ምን ይሠሩልሻል? አባባ ባወሩልን ተረት ተይዘሽ…»

«ተረት?»

«ተረት ነዋ! ወፍ ከድንበር መልእክት ይዛ ካይሮ ገባች። እኔ የማምነው ፈረስ ነው። ፈረሴም ውጭ ቆሟል» አለና በመስኮቱ ያችን ያረጀች ግራጫ ቫኑን አሳያት።

«ጥሩ!» አለች ጠይባ፣ ከተቀመጠችበት ብድግ ብላ። «ፈረስህን ጫን። ቅዳሜ እርግቦቼን ይዘህ ኪንግስተን ድረስ ሂድ። እዚያ የፈለግከውን ጽፈህ እግራቸው ላይ እሰርና ልቀቃቸው። አንተም በዚያችው ደቂቃ ተነሣ። አንተ ከቀደምክ ሰኞ በገዛ እጄ አፈርሰዋለሁ። እነሱ ከቀደሙ ግን እኔ በሕይወት እስካለሁ ያንን ቤት የሚነካ የለም!»

ሚፍታህ ሳቀ። ሃይዌይ 401ን እንደ እጁ መዳፍ ነው የሚያውቀው፤ ስንት ዓመት ሙሉ ሲመላለስበት የኖረ ሰው ነው። ሆኖም ጠንቃቃ ነውና ውሉን አጠበቀው፦ እርግብ ጣሪያ ላይ መጥታ መቀመጧ አይቆጠርም። ቤቷ ገብታ፣ ጠይባ በገዛ እጇ መልእክቱን ፈትታ፣ ሰው ፊት ካነበበችው ብቻ ነው ደረሰች የሚባለው።

«የሱልጣኑም ሕግ እንዲያ ነበር» አለችው። «በሁለት እርግብ ነው የሚላከው፣ ሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት ቃል።»

«ለምን ሁለት? አታምኛቸውም?»

«ሱልጣኑም አላመነም።»

ሰሎሜ ምስክር ሆና ከሚፍታህ ጋር እንድትሄድ ተስማሙ፤ እርግቦቹ ከተለቀቁ በኋላ የሁለቱም ስልክ ጠፍቶ እሷ ቦርሳ ውስጥ ይቀመጣል። ጠይባ ከዚያ ወዲያ ሥራዋ የአየር ሁኔታ ማየት ብቻ ሆነ። ከኪንግስተን ስካርቦሮ መምጣት ወደ ምዕራብ ነው፤ እዚህ አገር ደግሞ ነፋስ አብዛኛውን ጊዜ ከምዕራብ ይነፍስና እርግብን ፊት ለፊት ይገጥማታል። ዓርብ ማታ ግን ነገ ነፋሱ ዞሮ ከምሥራቅ ይመጣል ተባለ። ጠይባ ሰግዳ ስታበቃ እርግቦቿን ጠቅሳ ለረጅም ሰዓት ዱዓ አደረገች፤ ለእንስሳ ዱዓ ማድረግ ነውር አይደለም።

ሻለቃንና ሚጥሚጣን መረጠች። ሻለቃ ደረቱ ሰፊ፣ አንገቱ አረንጓዴ የሚያብረቀርቅ፣ ከራሱ ጋር ፍቅር የያዘው ወንድ ነው። ሚጥሚጣ ትንሽ ቀላ ያለች ሴት ናት፤ ያየ ሁሉ «ይቺንስ ለምን ትቀልቢያታለሽ?» ይላል። ጠይባ ግን ሚጥሚጣ እንቁላል እንደታቀፈችና እንቁላሏን ጥላ እንደማታድር ታውቃለች። ቅዳሜ ማለዳ ሁለቱንም በቅርጫት አድርጋ ለሰሎሜ አስረከበች።

«ሚፍታህ እንዳይጎዳቸው ተጠንቀቂ» አለቻት።

«በማርያም! ይሞክራትና አሳየዋለሁ» አለች ሰሎሜ። ሚፍታህም ቅርጫቷን እንደ ሕፃን ልጅ በቀበቶ አስሮ መኪናውን አስነሣ።

እስከዚህ ድረስ ሁሉም መልካም ነበር። ጠይባ የረሳችው አንድ ነገር ቢኖር የገዛ ወገኖቿን ጠባይ ነው። ረቡዕ ረቡዕ ማታ ለኮሙኒቲው ልጆች ታሪክ ታስተምራለች፤ ያን ሳምንት ስለ ሱልጣኔቱ ድንበር አስተምራ፣ በአፏ አምልጧት የእርግቦቹንም ነገር ነግራቸው ነበር። ልጆቹ ለወላጅ ነገሩ። ወላጅ ለኮሙኒቲው ሊቀመንበር ለጋሽ ቃሲም ነገረ። ጋሽ ቃሲም ደግሞ ነገር ከሰሙ ማስታወቂያ ሳያወጡ የማያድሩ ሰው ናቸው፤ በዋትሳፕ ለሁሉም በተኑት። «እኅታችን ጠይባ ብቻዋን አትሆንም» ብለው።

ረፋዱ ላይ ሰው መምጣት ጀመረ። አንዱ ሳምቡሳ፣ አንዷ ተምር፣ ሌላዋ ሁለት ትልልቅ የሻይ ፔርሙስ ይዘው ገቡ። ባዶ እጁን የመጣ የለም። ወንበር ከየት መጣ ሳይባል ጓሮው በወንበር ሞላ፤ ሕፃናት ሣሩ ላይ ተንከባለሉ፣ ሴቶቹ ነጭና ቀይ ሻሻቸውን ነፋስ እያውለበለበው አጥሩን ይዘው ቆሙ። ጋሽ ቃሲም የድምፅ ማጉያ ይዘው መጥተዋል። ጠይባ ደስም አላት፣ ሰጋችም። እርግቦቿ እኮ እሷን ብቻ የለመዱ ናቸው፤ ይህን ሁሉ ሰው አይተው አያውቁም። ግን ለእንግዳ ሂዱልኝ ይባላል? አይባልም። ወሎዬ ናት፤ ሻይ ቀዳች።

«ክቡራንና ክቡራት» አሉ ጋሽ ቃሲም በማጉያው፣ «ዛሬ የተሰበሰብነው…» ብለው ስለ አንድነት፣ ስለ አዳራሹ ኪራይ፣ ስለ ወጣቶች ብዙ ተናገሩ። ዙሌካ መንገዱ ጥግ ላይ ቆማ የአጎቷን መኪና ትጠብቃለች። ጠይባ የሰማችው ነገር የለም፤ ዓይኗ ከምሥራቁ ሰማይ ላይ አልተነቀለም። ሰው ቢያናግራት ራሷን ትነቀንቃለች። የጥሬዋን ቆርቆሮ አጥብቃ ይዛዋለች። ቤቱ ቢፈርስስ? ለሚፍታህ ቃሏን ሰጥታለች፣ ቃሏን አታጥፍም። ሰኞ መዶሻ ይዛ በገዛ እጇ ልታፈርሰው ነው።

ፀሐይዋ ከፍ ስትል፣ ከኤሌክትሪክ ሽቦዎቹ በላይ አንዲት ነጥብ ታየች።

ጠይባ ትንፋሿን ዋጠች። ነጥቧ ክንፍ አወጣች። ሻለቃ ነው! ማንም አይሳሳተውም፤ እንደዚያ ደረቱን ነፍቶ የሚመጣ ሌላ ወፍ የለም። ጓሮዋን አየ፣ ክንፉን አጠፍ አድርጎ ወደ ቤቱ ጣሪያ መውረድ ጀመረ። ይኸው መጣ፣ ይኸው ደረሰ፣ እግሩን ዘርግቶ ሊያርፍ…

«እልልልልልልልል!»

ሴቶቹ ናቸው። ሁሉም በአንድ ጊዜ! ምን ያድርጉ፣ ደስ ብሏቸው ነው፤ ደስ ያለው ሰው እልል ሳይል ምን ሊያደርግ ነው? ወንዶቹም አጨበጨቡ፣ ልጆቹም ጮኹ፣ ጋሽ ቃሲም «ማሻአላህ!» ያሉት በማጉያው ነው። ሻለቃ መብረቅ እንደወረደበት ተፈናጠረ። ሽቅብ ወጣ፣ ሁለቴ ዞረ፣ ከዚያም ማዶ ጎረቤት ጭስ ማውጫ ላይ ሄዶ ተቀመጠ። ጠይባ ቆርቆሮዋን ብትነቀንቅ፣ ብታፏጭ፣ ብትለምነው፣ ወይ ፍንክች!

 የጠይባ ፊት ምን እንደሚመስል ያየ ሰው ሁሉ ያደረገው ገባው።

«ማሚ!» አለች ዙሌካ እየሮጠች መጥታ። «ማሚ፣ ግራጫ ቫን! ትራፊክ ላይቱ ጋ ነው! አይ ቲንክ ኢትስ ሂም፣ አጎቴ ነው!»

እውነቱን ለመናገር ጠይባ በዚያች ሰዓት ልቧ ቆመ። ወፉ እዚያ ማዶ ተቀምጧል፣ መልእክቱ እግሩ ላይ ነው፣ በዓይኗ እያየችው ነው፣ ግን አልደረሰም። ውሉ ውል ነው። በገዛ ወገኖቿ እልልታ ተሸነፈች ማለት ነው። እንባዋ መጣ። እንባው ግን ዓይኗ ጋ ሳይደርስ ንዴቷ ቀደመው፤ አልሐምዱሊላህ፣ ንዴት ለጠይባ ሁልጊዜ ይበጃታል።

«ሁላችሁም ቤዝመንት!» አለች።

ሰው ተያየ።

«አልሰማችሁም? ሁላችሁም! ወንበሩን ተዉት! ሳምቡሳውንም ተዉት! ልጆቹን ያዙና ውረዱ! ትንፍሽ የሚል ሰው ካለ ዳግመኛ ደጄን አይረግጣትም!»

«እኅቴ ጠይባ፣ እኔ እንኳ እዚሁ ጥግ ይዤ ዝም ብዬ…» አሉ ጋሽ ቃሲም።

«እርስዎም ይውረዱ ጋሽ ቃሲም! ማጉያውንም ይዘውት ይውረዱ!»

ኮሙኒቲው ከተመሠረተ ጀምሮ ጋሽ ቃሲምን ከንግግር መሐል ያቋረጠ ሰው የለም። ወረዱ። ያ ሁሉ ሕዝብ እየተገፋፋ፣ ጫማውን በእጁ ይዞ፣ በሚፍታህ በር በኩል ቤዝመንት ገባ። የሚፍታህ አልጋ ላይ ብቻ ስድስት ሰባት ሴቶች ተቀመጡ ይባላል። ጓሮው ውስጥ ጠይባና ያ ሁሉ ባዶ ወንበር ቀሩ። ዙሌካም ወደ ጥጓ ተመልሳ ቫኑን ጠበቀች።

ጠይባ በርከክ አለች። እንደ ወትሮዋ፣ ማለዳ ማለዳ ከአውቶቡስ በፊት እንደምታደርገው፣ ቆርቆሮዋን ቀስ አድርጋ ነቀነቀች። «ሻለቃ፣ ና እንጂ የኔ ጌታ። ይቅር በለን፣ ደስ ብሎን ነው።» ሻለቃ አንገቱን አዘንብሎ ያያታል። አኩርፏል። ሻለቃ ካኮረፈ ደግሞ የሚታረቀው ሲርበው ነው።

ያኔ ነው ከሐይቁ በኩል፣ ማንም በማይጠብቃት አቅጣጫ፣ በቤቶቹ ጣሪያ ልክ ዝቅ ብላ አንዲት ትንሽ ቀይ ነገር የመጣችው። አልዞረችም። ጣሪያ ላይ አላረፈችም። ደረቷን ለማሳየትም አልፈለገች። ባዶ ወንበሮቹን አልፋ፣ በጠይባ ራስ ላይ አልፋ፣ በጠባቧ መግቢያ ጠልቃ እንቁላሏ ላይ ገብታ ተቀመጠች።

«ሚጥሚጣዬ!» አለች ጠይባ። 

ተከትላት ገባች፤ ያችን ሞቃት ገላ አነሣቻት። እግሯ ላይ ያለችውን ቀጭን ቱቦ ለመክፈት ሦስቴ አቃታት። በመጨረሻ በጥርሷ ከፈተቻት። ሱልጣኑም በጥርሱ ቢሆን ማን ያውቃል! ወረቀቷን ይዛ ወጣችና «ውጡ! ኑ!» ብላ ጮኸች። ቤዝመንቱ ተከፈተና ሰው እንደ ውኃ ገንፍሎ ወጣ፤ አሁን ግን ጠቢብ ሆነዋል፣ አፋቸውን በሻሽ ይዘው ነው።

ዙሌካ ከጥጉ ስትሮጥ መጣች፦ «ኢት ዋዝንት ሂም! ሌላ ሰው ነው! የቧንቧ ሠራተኛ ነው!»

«ያንብቡት» አለች ጠይባ ወረቀቷን ለጋሽ ቃሲም ዘርግታ፣ እያለቀሰች። ከዚያ ቶሎ ብላ ወረቀቷን መልሳ ነጠቀቻቸው፤ እሳቸው እጃቸውን እንደዘረጉ ቀሩ። «አይ፣ እኔ ነኝ የማነበው።» የሚፍታህን ጽሕፈት አየችው፤ ትልልቅ፣ የትራክ ሾፌር ጽሕፈት። ጮክ ብላ አነበበች፦

«ጠይባ፣ ይህን ስታነቢ እኔ ሳሎንሽ ቁጭ ብዬ ሻይ እየጠጣሁ ነው።»

ከዚያ በኋላ የሆነውን መግለጽ ያስቸግራል። የሳቀው ሳቀ፣ ያለቀሰው አለቀሰ፤ ጋሽ ቃሲም ማጉያቸውን ረስተው በገዛ ጉሮሯቸው «አላሁ አክበር!» አሉ። ሻለቃም ቢሆን ያለ እሱ በዓል መደረጉ ከንክኖት ይመስላል፣ ከጭስ ማውጫው ወርዶ እየተንጎማለለ ገባ። እግሩ ላይ ያለው ወረቀት ሲፈታ ቃሉ አንድ ዓይነት ነው። ጠይባ ከፔርሙሱ አንድ ስኒ ሻይ ቀዳች፣ ሁለት ስኳር ጨመረች፣ ሳሎኗ ገብታ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው። ሕዝቡም ገባና ሻይዋን ከብቦ ተቀመጠ።

ጠበቁ። ሻይዋ ጢሷ አለቀ። ሳምቡሳው አለቀ። ከብዙ ጊዜ በኋላ መኪና ሲቆም፣ በሩ ሲዘጋ ተሰማ፤ ሚፍታህ ወገቡን ይዞ፣ ላብ በላብ ሆኖ ገባ። ከኋላው ሰሎሜ የሳቅ እንባዋን እየጠረገች ነው። ያ ሁሉ ሰው ዓይኑን እሱ ላይ ጥሏል። ሚፍታህ ሰዉን አየ፣ ጠይባን አየ፣ ጠረጴዛውን አየ።

«ሻይህ በርዷል» አለችው ጠይባ። «ላሙቅልህ?»

ሳሎኑ በሳቅ ፈረሰ ማለት ይቻላል። ሚፍታህ ጥቂት ለመሟገት ሞክሮ ነበር፦ ኦሻዋ ላይ መንገድ እየሠሩ ነው፣ ሁለቱን ሌን ዘግተውታል፣ ነፋሱም ለእሷ አግዟል። «በማርያም ዝም በል!» አለችው ሰሎሜ። «ስትለቃቸው ‹ደህና ሁኑ፣ ሻይ ጠጥቼ እጠብቃችኋለሁ› ብለህ የለ? ታታርም መንገድ ዘግቶ ነበር፣ እርግብ በሰማይ ነው የምትሄደው!» ሰው ዳግም በሳቅ ተንከተከተ። ሚፍታህም መጀመሪያ በከንፈሩ፣ ኋላ በሆዱ፣ በመጨረሻ ወገቡን እስኪያመው ሳቀ። የበረደውን ሻይ አንሥቶ እስከ አተላው ጨለጠው።

ከዚያ ስልኩን ከሰሎሜ ተቀበለና ሁሉም እንዲሰማ ስፒከር ላይ አድርጎ ኮንትራክተሩን ኮል አደረገ።

«ሰኞ እንዳትመጣ» አለው በእንግሊዝኛ።

«ታዲያ መቼ ልምጣ?»

«አትምጣ። ቦታው ሰው አለበት።»

አሁን እልል በሉ አለቻቸው ጠይባ፤ እርግቦቹ ገብተዋል። እልልታው የቀለጠው ያኔ ነው! ጎረቤት በመስኮት ብቅ አለ። ጠይባ መሐል ቤት ቆማ ሁለት እጇን ወደ ላይ ዘርግታ፣ ሳትደብቅ፣ ሳታፍር፣ እንደ ልጅ ተንሰቀሰቀች። እንዲህ ያለ ደስታ በሕይወቷ አይታ አታውቅም፤ ይህንንም ራሷ ለሁሉም ተናገረች።

ሰዉ ምርቃቱን አውርዶ ሲበተን ሚፍታህ አልታየም። ጠይባ ጓሮ ብትወጣ እርግቦቹ ቤት ውስጥ ጎንበስ ብሎ አገኘችው። ሚጥሚጣን በሁለት እጁ ይዟታል፤ ያ ሁሉ ግዙፍ ሰው ትንፋሹን ይዞ ነው የቆመው።

«ልቧ እንዴት ነው የሚመታው» አላት በሹክሹክታ። «ይቺ ናት እንዴ ያንን ሁሉ አገር ያቋረጠችው?»

«ይቺው ናት።»

 አውራ ጣቱን በክንፏ ላይ ቀስ አድርጎ አሳለፈ።

«ጠይባ፣ በሚቀጥለው ከሞንትሪያል ብንለቃትስ?»

ጠይባ ወንድሟን አየችው። በቀኝ እጇ ኩስ መጥረጊያውን ከግድግዳው አነሣችና ዘረጋችለት።

«መጀመሪያ ጥረግ» አለችው።

ሚፍታህ ሚጥሚጣን እንቁላሏ ላይ መልሶ አስቀመጠና ጃኬቱን አወለቀ።